ስድስተኛው ጠገራ

እማማ ምንይሹ ስልክ ጆሯቸው ላይ መለጠፍ አይወዱም። «ያቃጥላል» ይላሉ። ስለዚህ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያጋድሙትና ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀው፣ ራቅ ብለው ተቀምጠው፣ እንደ ሽማግሌ ዳኛ ፊት ለፊት ያነጋግሩታል። መንገሻ ሐሙስ ጠዋት ያንን ወሬ የሰማው በዚህ የተነሳ ነው እንጂ ጆሮ ጠቢ ስለሆነ አይደለም። የእናቱ መኝታ ቤት ትሪስ፣ ማለት የመስኮቱ ጥቅል መዝጊያ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቶ አልወርድም ስላለ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ሁለት ብሎን በከንፈሩ ነክሶ ይታገላል። እናቱ ሳሎን ናቸው። በሩ ገርበብ ብሏል። ጠረጴዛው ላይ ተጋድማ የምትናገረው ደግሞ ታላቅ እህቱ ናዖሚ ናት።

«ለማያን የሚሰጥ የለም» አሉ እማማ ምንይሹ። «አለቀ። አምስቱንም ሰጠሁ። ምን ላድርግ፣ ከየት ልውለደው?»

«ታዲያሳ ምን ይደረጋል እማዬ» አለች ናዖሚ። «ያለውን የሰጠ ንፉግ አይባልም። ማያን እንደሁ ቀና ልጅ ናት፣ አትቀየምም።»

መንገሻ አንዱን ብሎን ሊውጠው ምንም አልቀረውም። ማያን የእሱ ልጅ ናት፤ አንድ ለእናቷ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሂናዋ፣ ማለት ሙሽሮች እጃቸውን ሂና የሚቀቡበት ድግስ ነው፣ ማክሰኞ ሠርጓ። በዚህ ቤት የልጅ ልጅ ስትዳር እማማ ምንይሹ በሂናው ቀን ሰው ሁሉ እያየ አንገቷ ላይ አንድ ጠገራ ብር ያስራሉ፤ ያንን ድሮ በአገር ቤት ገበያ በሬ የሚገዛበትን፣ ባለ ሁለት አገጭ ንግሥት የተቀረጸችበትን፣ በክር እንዲንጠለጠል አናቱ ላይ ጆሮ የተበየደለትን ከባድ ብር። አስረው ይመርቃሉ፣ እልል ይባላል። የናዖሚ ሦስት ሴቶች ልጆች ታስሮላቸዋል። የታናሽ ወንድሙ የጋሹ ሁለት ልጆችም ታስሮላቸዋል። ማያን ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ተራዋን ስትጠብቅ ኖራለች። ባለፈው ሳምንት እንኳ አያቷን እንደ ልማዷ በዕብራይስጥ ሳቭታ እያለች፣ አባቷን «አባ፣ ሳቭታ ለኔም ትሰጠኛለች፣ ናኾን? እኔ በሕይወቴ ከአንገቴ አላወጣውም» ብላዋለች፤ እሱም «እንዴታ!» ብሏል። ያ «እንዴታ» አሁን መሰላሉ ላይ እንደቆመ ዕዳ ሆነበት። ከሁሉ የከነከነው ግን «አትቀየምም» የተባለው ነው። በዘመድ መሀል አትቀየምም የተባለች ልጅ ድርሻዋ ምንጊዜም ሲቀር ነው የሚታየው፤ የምትቀየመው እንደሆነች ተፈርታም ቢሆን ይሰጣታል።

ሌላ ሰው ቢሆን ከመሰላሉ ወርዶ «እማዬ፣ ምን ማለትሽ ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። መንገሻ ግን የዚያ ቤት ልጅ ነው፤ በዚያ ቤት ሰው የሰማውን አይጠይቅም፣ የጠየቀውም አይመለስለትም። ስለዚህ ብሎኑን እንደነገሩ ቀርቅሮ ወረደና «አንድ ዕቃ ጎደለኝ፣ ገዝቼ እመለሳለሁ» አለ። እናቱም ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷልና፣ ድምፁ ወደመጣበት ዞረው «ምነው ድምፅህ ተዘጋ?» አሉት። «አቧራ ነው» አለና ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ሐሳቡ ተቆርጦ አልቆ ነበር፦ አንድ ጠገራ ገዝቶ፣ እናቱ ሳያዩ መሳቢያቸው ውስጥ ሊከት፣ እሳቸውም «ለካ አንድ ተርፎኝ ኖሯል!» ብለው ደስ ብሏቸው ሊያስሩላት።

ችግሩ መንገሻ ስለ ብር የሚያውቀው ነገር አለመኖሩ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በኢንዱስትሪ ቀጠናው ባለ አንድ የፕላስቲክ ባልዲ ፋብሪካ ማልጌዛ፣ ማለት የጭነት ማንሻ መኪና፣ ሲነዳ ኖሯል፤ አንድ ፓሌት ባልዲ አምጡለትና በዓይኑ መዝኖ ኪሎውን ይነግራችኋል። ጠገራ ግን ሲታሰር እንጂ ሲገዛ አይቶ አያውቅም። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ከፍቶ አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ለጀማሪዎች የሚሰጠውን ትምህርት ሁለት ጊዜ አየ። ሰውዬው በዕብራይስጥ ሦስት ነገር አስተማረው፦ ማግኔት ከያዘው ብር አይደለም፤ ሃያ ስምንት ግራም ካልሞላ ጠገራ አይደለም፤ ሲመታ ድምፁ ቶሎ ከሞተ ደግሞ ሻጩን አመስግነህ ውጣ። መንገሻ ወደ ቤቱ ነድቶ የሚስቱን የኩሽና ሚዛን በፌስታል ከተተ። ማግኔት ሲፈልግ ፍሪጁ ላይ ከየሠርጉ የመጣ የፎቶ ማግኔት ሞልቷል፤ የናዖሚን ልጅ የቬሬድን ሠርግ ነቀለ፤ ሙሽራው እስክስታ ሲመታ አፉ እንደተከፈተ የቀረበትን። ሚስቱ ሚሪያም ፀጉሯን በመጠቅለያ ጠቅልላ፣ በሁለት እጇ የጣፋጭ ትሪ ይዛ ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። ሚዛኑን አየች። ማግኔቱን አየች። ሃያ ስድስት ዓመት አብራው ስለኖረች ምንም አልጠየቀችም፤ «ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ አዳራሹ ካልተገኘህ ግን ልጅህን እኔው እድራታለሁ» ብላ አለፈች።

ሱቁ መሀል ከተማ ነው፣ በአንድ የስልክ ጠጋኝና የተቆላ የሱፍ ፍሬ በሚሸጥበት ቤት መካከል የተሸጎጠ፣ ስፋቱ ሰው ክንዱን ቢዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ የሚነካበት። ከጎረቤት የሚመጣው የጨውና የተቆላ ፍሬ ሽታ እዚያም ገብቶ ይኖራል። መስኮቱ ላይ የቆመ ሰዓት፣ የቴምብር አልበም፣ የወታደር ሜዳልያ፣ አንድ እጀታ የሌለው ማንኪያ ተደርድሯል። መንገሻ በዚያ በኩል ሺህ ጊዜ ሲያልፍ ማን እንዲህ ያለ ኮተት ይገዛል እያለ ይገረም ነበር። ባለሱቁ ሽሎሚ የሚባል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት ሰው ነው። የኩሽና ሚዛንና የሠርግ ማግኔት ይዞ የገባ ደንበኛ ሲያይ ግን ወዲያው ነቃ። ጀማሪ መሆኑን ለማወቅ መነጽር አላስፈለገውም።

ሦስት ጠገራ በሰማያዊ ጨርቅ ላይ ደረደረለት። አንዱ በፕላስቲክ ሽፋን የታሸገ፣ አራት መቶ ሃምሳ ሼኬል። ሁለቱ ያለ ሽፋን፣ ሦስት መቶ፣ ሦስት መቶ። መንገሻ ጎንበስ ብሎ አያቸው። ፋብሪካ ውስጥ የተበላሸ ባልዲ ሲለቅም የኖረ ሰው ስለሆነ ወዲያው እንከን አገኘ፤ ሦስቱም ላይ አንድ ዓመት ነው የተጻፈው፣ 1780። ቀና አለና በፌዝ «ሁሉም በአንድ ቀን ነው የተወለዱት?» አለ። የዋዛ እንዳልሆነ ሊያሳይ ነበር። ሽሎሚ እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያ በትዕግሥት አስረዳው፦ ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ገበያው እሷን እንጂ ሌላ አልቀበልም ስላለ፣ በየትኛውም ዘመን ይመታ በየትኛውም አገር፣ ዓመቱ ያው 1780 ይጻፍበታል። የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት የተመታውም የዛሬ ሃምሳ ዓመት የተመታውም ዕድሜው አንድ ነው። መንገሻ ጆሮው እስኪግል አፈረና ማግኔቱን አወጣ።

ማግኔቱ አልያዘም። ሽሎሚ ፎቶውን አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየና ሙሽራው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ሚዛኑ ሃያ ስምንት አለ። መንገሻ ከዚያ በኋላ ያደረገውን ራሰ በራው ሰውዬ አላስተማረውም፤ ራሱም የሚያውቀው አይመስለውም ነበር። ብሩን ወደ ብርሃን አዙሮ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ፈለገና ዕንቁውን በጥፍሩ ይቆጥር ጀመር። ስምንት መጣለት። እንደገና ቆጠረ፣ ዘጠኝ። ልጅ ሳለ እናቱ ሲያወሩ ሰምቷል፤ በአገራቸው ገበያ ዘጠኙ ዕንቁ ያልተቆጠረ ጠገራ የሚቀበል ሞኝ አልነበረም። ሽሎሚ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። «ይሄን ማን አስተማረህ?» አለው፣ አሁን በአክብሮት።

«ሰፈር ነው» አለ መንገሻ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። ከዚያ የመጣበትን ጠየቀ፦ «ጆሮ ያለው የለህም?»

ሽሎሚ አልገባውም። መንገሻ በጣቱ ቀለበት ሠርቶ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። ያን ጊዜ የሽሎሚ ፊት ስለ ታመመ ዘመዱ እንደተጠየቀ ሰው ሆነ። ጆሮ የተበየደለት የተበላሸ ነው፣ ገንዘብ ሰብሳቢ በእጁ አይነካውም፣ ለማቅለጫ በግራም ነው የሚሄደው አለ። «ለምን ገንዘብህን ትጥላለህ? ንጹሑን ውሰድ!» ብሎ ለመነው፤ ከልቡ አዝኖለት ነበር። መንገሻም በበኩሉ ለሽሎሚ አዘነለት። አንገት ላይ የማይታሰር ብር ምን ያደርጋል? ሽፋን ውስጥ ታሽጎ ሊታይ ነው? ሁለቱም አንዱ አንዱን ሞኝ ነው እያለ ትንሽ ተያዩ። በመጨረሻ ሽሎሚ በረጅሙ እየተነፈሰ ከባንኮው ሥር የሽንብራ ሑሙስ የነበረበት አንድ የፕላስቲክ ዕቃ አወጣ። ውስጡ የተሰበረ ብር ነው፤ የሹካ እግር፣ የተበጠሰ ሰንሰለት፣ እግሩ የወለቀ የቂዱሽ፣ የሰንበት ወይን መባረኪያ ጽዋ። ከሁሉም ሥር አንድ የጠቆረ ጠገራ፣ አናቱ ላይ ጆሮ ያለው።

መንገሻ ፈገግ አለ። ስህተቱ ይህ ነበር። ከአንድ ደቂቃ በፊት በግራም ይሄድ የነበረው፣ ቢበዛ መቶ ሰማንያ የሚያወጣው ብር ፈገግታውን ሲያይ ድንገት «የጥንት ጌጥ፣ የአይሁድ ሥራ፣ ብርቅ ነገር» ሆኖ ሁለት መቶ ስድሳ ገባ። ተከራከሩ። መንገሻ ሁለት ጊዜ እስከ በር ሄዶ ተመለሰ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ሽሎሚ ባይጠራውም ተመለሰ። በሁለት መቶ ሠላሳ ተጨባበጡ። ሽሎሚ ብሩን በወረቀት ጠቅልሎ ሲሰጠው እጁን ያዝ አድርጎ «እባክህ እንዳትፈትገው፤ ጥቁረቱ ዕድሜው ነው» አለ። መንገሻ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ከማዶ ካለው አትክልት ቤት ሁለት ሎሚ ገዝቶ፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ ንግሥቲቱ ፀሐይ እስክትመስል ድረስ በሎሚና በካልሲ ፈተጋት። የጠቆረ ብር ሙሽራ አንገት ላይ! ሽሎሚ ደግ ሰው ነው፣ ግን ሙሽራ ድሮ አያውቅም።

እናቱ ቤት ሲመለስ እማማ ምንይሹ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሳሎን ተቀምጠው ነበር። መንገሻ ወደ መኝታ ቤት አልፎ መሳቢያውን ሳበ። የመድኃኒት ሣጥን፣ የባንክ ደብዳቤ፣ ያልተከፈተ ሽቶ፣ ከሥሩ ያቺ ጠገራዎቹ ይቀመጡባት የነበረች፣ ጫፏ የተቋጠረ አሮጌ ነጭ ጨርቅ። ቋጠሮዋን ፈትቶ ብሩን አስገባና እንደነበረች ቋጠራት። የሃምሳ ዓመት ጎረምሳ የእናቱን መሳቢያ ሲሰርቅ ያምርበታል? ያውም ሊያስገባ። ከዚያ መዶሻውን ሦስት አራት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አድርጎ ሥራ የጨረሰ አስመሰለና ወጣ።

«እማዬ» አለ፣ ነገሩን እንደዋዛ አድርጎ። «ያን ጠገራሽን በደንብ አይተሽዋል? ምናልባት አንድ ይኖር እንደሆነ።»

«አይቻለሁ» አሉ እማማ ምንይሹ።

«እስቲ ደግመሽ እዪ።»

ተነሱና ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ገቡ። መሳቢያው ሲከፈት ሰማ። ከዚያ ምንም አልሰማም። ብዙ ቆዩ፤ የሕንፃው አሳንሰር ሁለት ጊዜ ወጥቶ ወረደ። ሲመለሱ ጨርቋ በእጃቸው ነበረች። «ተገኘ?» አለ መንገሻ። «እንሂድ፣ ይረፍዳል» አሉት። በመኪና ሙሉውን መንገድ ጨርቋን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊት ለፊት ሲያዩ ነበር። መንገሻ ሐሳቡ እንደሠራለት ገምቶ ከራሱ ጋር ፉጨት ጀመረ።

በሰፈሩ የሕዝብ ማዕከል፣ በማትናሱ አዳራሽ፣ መቶ ሰው ተጠርቶ መቶ ስልሳ መጥቷል። ፀሐይዋ ገና በትልልቁ መስኮት ትገባለች። ማያን አረንጓዴ ከፋይ ካባ ለብሳ፣ መዳፎቿ በሂና ተለቅልቀው፣ ከጎኗ እጮኛዋ አቪሻይ በማይመጥነው ቆብ ተቀምጧል። ጭፈራው አንድ ዙር ካለቀ በኋላ ናዖሚ ሙዚቃውን አስቆመችና የእናቷን ክንድ ይዛ ወደ ሙሽሪት አመጣች። እንግዲህ ምን ሊሉ ነው ብላ ፊቷ ሁሉ ጭንቀት ነው። ስልኮች ሁሉ ወደ ላይ ተነሡ። እማማ ምንይሹ ቋጠሮዋን ፈቱ። ብሩ ብልጭ ሲል ማያን በሁለት የቆሸሸ መዳፏ አፏን ልትይዝ ነበር፣ ትዝ ሲላት ተወችው። መንገሻ በልቡ «ተሳካ!» አለ። እማማ ምንይሹ ግን አላሰሩትም። በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ዳበሱት። ጆሮውን ዳበሱት። በቀለበታቸው ነካ አድርገው ወደ ጆሯቸው አስጠጉና ድምፁ ሞቶ እስኪያልቅ ሰሙት።

«ጠገራነቱስ ጠገራ ነው» አሉ ጮክ ብለው። «ግን የኔ አይደለም።»

መንገሻ ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠው በወደደ።

«የኔ አባት አንጥረኛ ነበር። የነዚያን ብሮች ጆሮ የሠራው እሱ ነው፤ ሁለት ክር ጠምዝዞ ነው የሚበይደው። ይሄ አንድ ክር ነው፣ ዙሪያውን እንደ ጤፍ ፍሬ ፍሬ አለው። የየመኖች እጅ ነው። ደግ እጅ ነው፣ አልጠላሁትም። ግን የአባቴ አይደለም።» ብሩን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። «ደግሞ ሎሚ ሎሚ ይሸታል።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው። «መሳቢያዬን ማነው የከፈተ?» አሉ እማማ ምንይሹ። መንገሻ በመቶ ስልሳ ሰው መሀል እንደ ተማሪ እጁን አወጣ።

«እኔ ነኝ እማዬ። ጠዋት... ስታወሩ ሰማሁ። ከሁሉ እሷ ብቻ እንዳትቀር ብዬ ነው።»

እማማ ምንይሹ ወደ ማያን ዞሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማ።

«ስሚኝ የኔ ልጅ። ጠገራዎቹ ስድስት ነበሩ። በስደቱ ጊዜ፣ ሱዳን ጊዳሪፍ፣ ድንኳን ውስጥ፣ አባትሽ ሰባት ዓመቱ፤ ትኩሳት ይዞት ሦስት ቀን ዓይኑን አልገለጠም። መርፌ ያለው አንድ ሰው ነበር፣ ያለ ብር አልወጋም አለ። ስድስተኛውን ከአንገቴ ፈትቼ ሰጠሁት። በማግሥቱ ይሄ ልጅ ተነሥቶ ‹ራበኝ› አለ። ናዖሚ ታውቃለች፣ አጠገቤ ነበረች።» ናዖሚ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ያክስትሽና ያጎትሽ ልጆች ጠገራቸውን አንገታቸው ላይ አሰሩ። ያንቺ ግን ከሁሉ ቀድሞ ወጥቷል። ያንቺ ጠገራ ያውልሽ፣ እዚያ ቆሞ ሎሚ የሚሸተው።»

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ማያን ካባዋን ሰብስባ በመሀል ሰንጥቃ ሮጠችና አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ አሥሩም ጣቷ በነጭ ሸሚዙ ጀርባ ላይ ታተመ። «አባ፣ ዲ፣ በቃ፣ አታልቅስ» ትለዋለች፣ እሷ ራሷ ኩሏ እየወረደ። መንገሻ አለቀሰ፤ መደበቅም አልፈለገም። አርባ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ አብሯቸው ሲበላ ሲጠጣ፣ እናቱ አንዲት ቀን እንኳ ይህን አንሥተውበት አያውቁም ነበር። ሚሪያም ከጣፋጩ ትሪ ጋር ቆማ በክርኗ ዓይኗን ትጠርጋለች። እማማ ምንይሹ የየመኑንም ብር አልተዉትም። «አባትሽ በላቡ የገዛው ነው፣ ይሄም ይታሰር» ብለው በደከመ ዓይናቸው፣ በዳበሳ፣ በማያን አንገት ላይ አሰሩትና ረጅም ምርቃት መረቁ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። ከዚያ ሙዚቃው ተለቀቀ።

መንገሻ ሕዝቡ ወደ ጭፈራው ሲመለስ እናቱ አጠገብ በርከክ አለ። እሳቸው ጭብጨባቸውን ሳያቋርጡ «ስንት ገዛኸው?» አሉት።

«ሁለት መቶ ሠላሳ።»

«ተበላህ!» አሉ በደስታ።

«እማዬ» አለ እጃቸውን ይዞ። «የጊዳሪፉን ነገር ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

እማማ ምንይሹ እጃቸውን አስለቀቁና በጥፊ እንደመምታት ጉንጩን ዳበስ አደረጉት።

«ለልጅ ዋጋው ይነገረዋል እንዴ?» አሉ። «ኮርቶ አልታዘዝም ይለኝ!»